የእቁባችን ሼር

አባቴን ልቀብር ከቶሮንቶ አገር ቤት ገባሁ፤ በቀበርነው ማግስት የደህንነት ሰዎች ከለቅሶው ድንኳን ጠርተው ወሰዱኝ። አንድ ጊዜ ቶሮንቶ የተቃውሞ ሰልፍ ወጥቼ የተነሳሁት ፎቶ ነበራቸው። ያስገቡኝ ክፍል በረኪና ይሸታል፤ ወለሉ እርጥብ ነው፤ ዘጠኝ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። «በምን ገባህ?» ሲሉኝ «አላወቅኩም» አልኩ። ከዘጠኙ አንዱ ጆሮ ጠቢ ቢሆንስ?

ጠዋት መርማሪው ፊት ቀረብኩ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ እሱ «አንተ» ይለኛል፣ እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ። ስልኬን ከፍቶ ይዞታል።

«‹የዚህን ወር ድርሻችንን ልከናል› ይላል። የምን ድርሻ? ‹ሹፌሩ› ማነው? ‹ነርሷ›ስ?»

ወይ ጣጣ! እኔ ሰው ስልኬ ላይ የምመዘግበው በሥራው ነው። እሱ ግን የምስጢር ስም አደረገው።

«እቁብተኞቼ ናቸው» አልኩት። ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ የምንኖር አምስት ሰዎች ነን። ብሩን በየተራ ወስደን ከምንጨርሰው ሼር እንግዛበት ተባባልን። ሼር የሚገዛበትን አካውንት የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ ፎርሙን ፈሩት፣ ጥያቄው ማለቂያ የለውም። በየወሩ ይልኩልኛል፣ እኔ አካውንቱ ውስጥ አስገብቼ የባንክና የባቡር ሼር እገዛለሁ። ይህንኑ አንድ በአንድ አስረዳሁት።

«ባቡር?» አለ። «እኔን ጅል አደረግከኝ? ለየትኛው ታጣቂ ነው የምታዋጡት?»

«ለጡረታችን ነው፣ ጌታዬ።»

ሳቀ። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። «የአራቱን ስም እስከ አያት ጻፍ። ቤተሰባቸው እዚህ የት እንደሚኖር ጨምር። ከዚያ ወደ ለቅሶህ ትሄዳለህ።»

የአባቴ ሠልስት የዚያን ዕለት ነበር። አልዋሽም፣ መውጣት አማረኝ። ግን የነርሷ እናት ከታሰርኩበት ግቢ ሁለት ፌርማታ አይርቁም፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስሟን ብጽፍ ሳይመሽ በራቸውን ያንኳኳሉ።

ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ጻፍኩ፦ «አካውንቱ በስሜ ነው። ገንዘቡ ሁሉ የእኔ ነው። ሌላ ሰው የለበትም።» ፈረምኩበት።

«እንግዲህ ትቆያለህ» አለኝ። አምስት ወር ቆየሁ።

ፍርድ ቤት ስቀርብ ያንን ቃሌን ጮክ ብለው አነበቡት። ችሎት የመጣችው እህቴ ሰማች። እሷ የሰማችው ነገር ደግሞ ቶሮንቶ ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም።

ከተፈታሁ በኋላ ስመለስ አየር ማረፊያ የጠበቀኝ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አራቱም ቤቴ መጡ። «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ተባለ። ሻይ አቀረብኩ፤ ማንም አልነካውም።

«ጋሼ፣ አይክፋህና» አለ ሹፌሩ፣ «ብሩ ሁሉ የእኔ ነው ብለህ ፈርመሃል አሉ። ሼሩን ሴል አድርገህ የየድርሻችንን ብትሰጠን።»

ደሜ ፈላ። ነርሷን አየኋት፤ አቀርቅራለች። የእናቷ ነገር አፌ ላይ ደረሰ። ግን የጠረጠረ ሰው ሰበብ ፈጠረ ነው የሚለኝ፤ ቢያምነኝ ደግሞ ውለታ አስቆጥሬ ልኖር ነው። ላፕቶፔን ከፈትኩና ዓይናቸው እያየ ሁሉንም ሸጥኩት። ገንዘቡ እንደገባ ለየራሳቸው ከነትርፉ ላክሁ።

አሁንም አንድ ሕንፃ ላይ ነን። ነርሷን ሊፍት ውስጥ አገኛታለሁ።

«እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት።» ገልመጥ ታደርገኛለች። «ምነው አንተ፣ ሁልጊዜ እናቴን የምትጠይቀኝ?»

«እንዲሁ ነው» እላታለሁ።