ትልቁን ፊደል ያስጠናሁት አስር አለቃ

የያዙኝ ጠዋት ከክፍል ሳልወጣ፣ ጠመኔው በእጄ እንዳለ ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ ስለ ገበሬው ግብር የተናገርኩት ከእኔ ቀድሞ ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ ነበር። ከከተማችን ፒያሳ በላይ ጣሊያን በሠራው ቤት ውስጥ ጠባብ ክፍል ሰጡኝ። መቶ አለቃው አብረውኝ ያሴሩትን ሰዎች ስም ፈለገ። ያሴረ ሰው የለም፤ እሱ ግን አለ ብሏል።

«እስከ ከሰዓት አስብበት። ከዚያ በጅራፍ ነው የምንነጋገረው» ብሎኝ ሄደ።

መቀመጥ አቃተኝ። ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ፤ ኮቴ ስሰማ እቆማለሁ፤ ቁንጫውም የራሱን ምርመራ ጀምሮብኛል።

ረፋዱ ላይ ጠባቂዬ፣ የወገራ ሰው የሆነ አስር አለቃ፣ በሩን ከፍቶ ገባ።

«አንተ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነህ አሉ።»

«ነኝ።»

አዲስ አበባ ለሚሰጥ የሬዲዮ መገናኛ ኮርስ በእንግሊዝኛ ሊፈተን ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል መቼ እንደሚጻፍ ግን አልገባውም። ከኪሱ ከሰል አወጣ። ጭንቀቴን የምረሳበት ነገር በማግኘቴ ደስ አለኝና ሲሚንቶው ላይ ጻፍኩለት። የሕዝብ ስም በትልቅ ይጀምራል፤ የትምህርት ስም በትንሽ፤ ትምህርቱ ቋንቋ ከሆነ ግን በትልቅ።

ሰውዬው ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣ ነው። የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ሲጻፍ እያየ ስላደገ፣ ትልቁንም ፊደል ለሚያከብረው ሁሉ ያድለዋል።

«ታሪክ ምነው በትንሽ? የነገሥታቱ ነገር አይደለም እንዴ?»

«የትምህርት ስም ነው።»

«ጣሊያንስ?»

«በትልቅ።»

«ያን ሁሉ ሰው ፈጅቶ!»

ሳቄ አመለጠኝ። «ሹመት አይደለም፤ ደንብ ነው» አልኩት። እየደመሰሰ ደጋግሞ ጻፈ፤ ሲገባው «ሸጋ! ሸጋ!» እያለ ጉልበቱን መታ። ሲወጣ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ» አለኝ። የቆሎ ተማሪ መምህሩን የሚጠራው እንዲህ ነው፤ አፉ ላይ መጥቶበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ከሰዓት መቶ አለቃው ተመለሰ። የምሰጠው ስም እንደሌለኝ ነገርኩት። ጅራፉን ለአስር አለቃው ሰጠው።

«ግረፈው።»

አስር አለቃው ጅራፉን ተቀበለ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ጌታዬ፣ እኚህ ሰው ዛሬ አስተምረውኛል። ፊደል ባስቆጠረኝ ሰው ላይ እጄን አላነሣም።»

«ለፈተናው የምፈርምልህ እኔ መሆኔን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

ሌላ ጠባቂ ተጠራ። ስለ ግርፋቱ ብዙ አልጽፍም፤ ስም አልሰጠሁም። ሲያበቃ የአስር አለቃውን ቀበቶና መለዮ አስወልቀው ይዘውት ሊወጡ ሆነ። በሩ ላይ ቆመና በመቶ አለቃው ፊት እጅ ነሣኝ። እኔም ግድግዳውን ይዤ እንደ ምንም ተነሣሁ፤ ቆሜ አጸፋውን መለስኩለት።

ከተፈታሁ በኋላ በአገሩ በአምባ ጊዮርጊስ ባለፍኩ ቁጥር ጠየቅሁ፤ የት እንደደረሰ የሚያውቅ አላገኘሁም። ካስተማርኳቸው መካከል ትልቅ ሹም የሆኑ አሉ፤ መንገድ ላይ አይተው እንዳላዩ ሲያልፉኝ እንኳ አይከፋኝም። የእሱ ነገር ግን ዛሬም በጡረታዬ እንቅልፍ ይነሣኛል። ያን ረፋድ ባላስተምረው ኖሮ፣ ገርፎኝ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር።