ለራሴ የሰጠሁት ሦስት

በምሠራበት የለንደን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ደንግጬ እነሣለሁ። ሌላው የሚመጣው ለቤት ሊያመለክት፣ ቤኔፊት የሚሉት የመንግሥት ድጎማ ለምን እንደቆመበት ሊጠይቅ፣ ፕሪንት ሊያደርግ፣ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ሊሞቅ ነው። እኔም ከሃክኒ ሁለት ባስ ቀይሬ የምመጣው ይህንኑ ላስተናግድ ነው። ሥራውን ያስተማረችኝ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው እንግሊዛዊት ናት። ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር እንኳ እሷን ሲያይ ይለቃል።

ዋናውን ሕግ ያስተማረችኝም እሷ ናት፤ የተገልጋዩን ኪቦርድ አትንኪ፣ እጅሽን ወደ ኋላ አድርገሽ በቃል ብቻ ምሪው፣ ራሱ ይልመድ። በዚህ ሕግ አንድ ጋሼ ሲቪያቸውን ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። አገር ቤት የፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። «የንብረት ደኅንነት ኃላፊ» ብለው እንዲጽፉ ስነግራቸው ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። በስተርጅና ዋሾ ልታደርጊኝ ነው ወይ አሉኝ።

«ይሄ ውሸት አይደለም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እንግሊዝኛ ነው።»

ሂትሮው አየር ማረፊያ የጽዳት ሥራ ያዙ። እስከ ዛሬ በዕረፍት ቀናቸው ጋዜጣ ሊያነቡ ብቅ ይላሉ።

ባለፈው ዓመት ከበላዮቻችን አንድ ኢሜይል መጣ። ርእሱ «የሙያ እድገት» ይላል። አንብበን ስንጨርስ ነገሩ ይህ ነው፦ አራት ነን፣ በቅርቡ ሦስት እንሆናለን። በገዛ ሥራችን ላይ እንደገና አፕላይ እናደርጋለን፤ ፎርሙም ላይ ለራሳችን ከአንድ እስከ አምስት ማርክ እንሰጣለን። እግረ መንገዱን ኮርስ ተሰጠን፤ ኦንላይን፣ ግማሽ ሰዓት፣ ራስን ያለ ሐፍረት ስለመግለጽ። አስተማሪዋ ስክሪኑ ውስጥ ሆና ምን ያህል ጎበዞች እንደሆንን ነገረችን። አይታን አታውቅም።

እኔ ያደግኩት ራሱን ያወደሰ እንግዳ ወጥቶ በሩ እስኪዘጋ ተጠብቆ የሚሳቅበት ቤት ነው። ስለዚህ ለራሴ በሁሉም ሦስት ሰጠሁ። አንድ ብል ያባርሩኛል፤ አምስት ብል ምድር ተሰንጥቃ ትዋጠኝ። ማስረጃ በሚለው ቦታ «ከባልደረቦቼ ጋር ሆኜ የተቻለኝን እረዳለሁ» አልኩ። ማናጀሬ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ቅን ሰው ናት። ረቂቁን አይታ በዚህ ከሄደ ሥራዬን እንደማጣ፣ ፎርሙን የሚያየው ኮሚቴ እኔ ለራሴ ከሰጠሁት በላይ ሊሰጠኝ እንደማይችል ነገረችኝ። ልጆቼን የማሳድገው በዚህችው ደመወዝ ነው። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው።

ፎርሙ በሚዘጋበት ቀን፣ በምሳ ሰዓቴ፣ ከተገልጋዮቹ ኮምፒዩተር አንዱ ላይ ተቀምጬ ሳፈጥ ጋሼ ጋዜጣቸውን ይዘው መጡ። ምን ሆነሻል ሲሉኝ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው የጻፍኩትን አነበቡና፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት አንቺ ነሽ ብለው ተቆጡኝ። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እንግዲያው እርስዎ ይጻፉልኝ ብዬ ኪቦርዱን ገፋ አደረግሁላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

«እኔ አልነካም» አሉ። «ሕግ ነው።»

ከዚያ ጥያቄ ብቻ። እኔን ሂትሮው ማን አስገባኝ? ከቤቷ ልትባረር የነበረችውን ሴት ደብዳቤ ማን አስጻፋት? ጠርሙስ የወረወረውን ሰውዬ ማን አረጋጋው? እኔ ነኝ ባልኩ ቁጥር፣ በይ እሱን ጻፊ ይሉኛል። ላብ በላብ ሆኜ ሦስቱን ሁሉ አምስት አደረግሁና ሐሳቤን ሳልቀይር ላክሁት።

በሁለተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። ሥራዬ ተርፏል። ከታች የኮሚቴው አስተያየት አለበት፤ «ያለማንም እርዳታ ራሷን በሚገባ መግለጽ የምትችል ሠራተኛ» ይላል። ለጋሼ አነበብኩላቸው። ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል የለም።

«ይሄ ውሸት አይደለም» አሉኝ። «እንግሊዝኛ ነው።»

ስቄ ሳልጨርስ ዘወር ስል እንግሊዛዊቷ የሻይ ኩባያዋን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። የቀነሷት እሷን ነው። ለራሷ በሁሉም ሦስት ሰጥታ እንደነበር ያን ቀን ነገረችኝ፤ አምስት ማለት አሳፍሯት። እኔ የራሴን ልኬ እፎይ ብዬ ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ እሷ ከጎኔ ሆና ያንኑ ፎርም እየሞላች ነበር። አገር ምድሩን የማስጽፍ ሴትዮ፣ ምን ጻፍሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።