የሽብሩ አሥር የኮክ ችግኞች

ሽብሩ ከዲላ በላይ ባለው ደጋ፣ ቡሌ ላይ እንሰትና ገብስ የሚያለማ፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የሚጨንቀው ሰው ነበር። ገበያ ወጥቶ እንኳ ዋጋ አይከራከርም። እንዲህ ያለው ሰው በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ዲላ ድረስ ወርዶ የእርሻ ባለሙያውን አቶ ጓንጉልን የኮክ ችግኝ ይስጡኝ አላቸው። ይህችን ለማለት ሁለት ጊዜ በራቸው ላይ ደርሶ ተመልሷል።

የካቲት ማለቂያ ላይ ችግኙ ከአዲስ አበባ ዲላ ድረስ በጭነት መኪና መጣለት። አሥር እንጨት ነው፤ ቅጠል የለው፣ አፈር የለው፣ ሥሩ ብቻ በርጥብ ጆንያ ተጠቅልሏል። አቶ ጓንጉልም የመትከያውን ጉድጓድ ቆፍሮ እስኪጨርስ ጥላ ሥር ቦይ አውጥቶ ሥሩን አፈር እንዲያለብሰው፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እንዲያጠጣው፣ ፀሐይና ንፋስ እንዳያስነካው አስጠነቀቁት።

«ከደረቀብህ ሁለተኛ ስጡኝ ብለህ እንዳትመጣ። መጋቢት ሲያልቅ መጥቼ አያለሁ» አሉት።

ሽብሩ የራሱን ጋቢ በጆንያው ላይ ደርቦ ዳገቱን ተሸክሞ ወጣ። እንሰቱ ጥላ ሥር ቦይ ቆፍሮ አሥሩንም ጋደም አድርጎ ሥራቸውን ቀበረ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤቱ ደጀኔ አንዱን መዝዞ አየና፣ መንግሥት ማገዶ ማደል ጀመረ ወይ ብሎ ሳቀ፤ ሲመልሰው ግማሹን ሥር ውጭ ተወው። ሌላው መጥቶ ለጥርስ መፋቂያ አንድ ቁረጥልኝ አለ። ቀጥሎ የሰው ፍየል ገባች። ሽብሩ ሁሉንም ቻለ፤ ፍየሏን አስወጥቶ አፈሩን መለሰ።

በሦስተኛው ቀን ስድስተኛውን ጉድጓድ ሲጨርስ የዶማው እጀታ ተሰበረ። እጀታ ሊያሠራ ሲሄድ ችግኞቹን ለእናቱ ለወይዘሮ ዘነቡ አደራ ብሎ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለስ አሥሩም ከቦዩ ወጥተዋል። ሥራቸው ታጥቦ፣ ጫፍ ጫፉ በቢላ ተከርክሞ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ፊት ተደርድረዋል። እናቱ አጠገባቸው ተቀምጣ ታገላብጣለች። በዚያ አገር የእንሰት ችግኝ ከተነቀለ በኋላ ሥሩ ተከርክሞ ጥቂት ቀን ሳይጠወልግ አይተከልም፤ እርጥቡን ከገባ ይበሰብሳል ይባላል። ወይዘሮ ዘነቡም ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትተክል ኖራለች።

«ጭቃ ውስጥ ቀብረህ ልታበሰብሰው ነው እንዴ? ደግነቱ ደረስኩልህ» አለችው።

ሽብሩ ሊጮህ አፉን ከፈተ። እናቱ ናት፤ ዘጋው። እንደገና ከፈተ።

«እማ፣ ይሄ እኮ እንሰት አይደለም።»

«ታዲያ ሥር የለውም?»

እንጨቶቹን አፍሶ የላሚቱ ውሃ መጠጫ ገንዳ ውስጥ ነከራቸው፤ ላሚቱም ገንዳዋን ተከልክላ እምቧ ስትል አመሸች። በማግስቱ ልጣጩን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ሲያይ የሰባቱ ውስጡ አረንጓዴ፣ የሦስቱ ቡናማ ነው። ሰባተኛ ጉድጓድ ጨምሮ ሰባቱን በዚያው ቀን ተከለ። ሦስቱን እናቱ ወስዳ፣ ሁለት ቀን ጨምራ አድርቃ፣ በእንሰቷ መካከል ተከለቻቸው።

መጋቢት ሲያልቅ አቶ ጓንጉል በበቅሎ መጡ። ሰባቱ ቅጠል አቆጥቁጠዋል። ሦስቱ እንደ ቆሙ ደርቀዋል።

«እነዚህን ማን ነው ያደረቃቸው?»

ሽብሩ ወሩን ሙሉ የፈራው ይህንን ነበር። ከእንግዲህ ችግኝ የለም ማለት ነው። መሬት መሬት እያየ «እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ።

«ውሸቱን ነው፤ እኔ ነኝ» አለች እናቱ ከእንሰቱ መካከል ብቅ ብላ። «አሥሩንም በደንብ እያደረቅኩለት ነበር። ቸኩሎ ውሃ ነከረብኝ።»

አቶ ጓንጉል ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ከዚያ ወደ ሽብሩ ዞረው፣ ከዚህ ፀሐይ ሰባት ካተረፍክ ለከርሞ ሌላ አሥር አስመጣልሃለሁ አሉት።

«ይምጣ ብቻ» አለች ወይዘሮ ዘነቡ። «ያን ጊዜ በደንብ አደርቀዋለሁ።»

የሽብሩ ዓይን በአጥሩ ዙሪያ ይዞር ጀመር፤ የከርሞውን ቦይ የት እንደሚደብቀው እያሰበ ነበር።