በኋላ ማርሽ ወደ ፊት

ወንድሜ ማናሴ ለሱቅ ሥራ አልተፈጠረም። ይህን የምለው እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ጆሃንስበርግ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ። ቶኮዛ የሚባል ሰፈር የከፈተው የመጀመሪያው ሱቅ በስምንት ወሩ ተዘጋ። ኦሬንጅ ፋርም የከፈተውን ሁለተኛውን ደግሞ ኮሮና በገባ ሰሞን ዘረፉት። ጎረቤታችን ባለሱቁ ተማም፣ "ማናሴ በፊት በር ሲገባ ሱቁ በጓሮ ይወጣል" እያለ ሰው ያስቅበት ነበር። ማናሴም አብሮ ይስቃል።

የእኛ ሰው እዚህ አገር የሚለካው በሱቁ ነው። እጁ ምን ያውቃል ብሎ የሚጠይቅ የለም። የማናሴ እጅ ግን ያውቃል። ሆሳዕና አጠገብ አጎታችን ወፍጮ ቤት ነው ያደገው። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ ስዳር፣ እሱ ገና ልጅ ሆኖ የወፍጮው ሞተር ምን እንደነካው ከድምፁ ይለይ ነበር።

ሰው ሱቁ ሲጠፋበት ቤተ ክርስቲያናችን መነሻ ያዋጣለታል። አንዱ ዱቄት ያመጣል፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ያገለገለ ፍሪጅ። በፈረንጆቹ 2020 ጁን ላይ ሽማግሌያችን ጋሽ አምሃ ማስካቸውን እንዳደረጉ ግቢያችን በር ላይ ቆመው ጠየቁት።

"ማናሴ፣ ለሦስተኛው ሱቅህ ምን እናዋጣልህ?"

"የተማምን የተበላሸ ጄኔሬተር ስጡኝ።"

"ሰው የሚሠራ ነው የሚለምነው፣ ልጄ።"

"የተቃጠለው ዳይናሞው ነው፣ ጋሼ። ሞተሩ ጤነኛ ነው።"

ጋሽ አምሃ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ።

ሞተሩን የፈለገው ለቤተ ክርስቲያናችን እርሻ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከኦሬንጅ ፋርም ወጣ ብሎ ካለ ቦታ ላይ መሬት ተከራይቷል። ባለመሬቱ ኡም ዳኒ፣ በእኛ አጎት ዳኒ እንደማለት፣ የሚባሉ ነጭ ሽማግሌ ናቸው። ሱቆቹ ሲዘጉ ሥራ የፈቱ ሠላሳ ስድስት ቤተሰቦች እዚያ ጎመንና ድንች እያለሙ ይበላሉ፤ አንዱ የእኛ ቤት ነው። የኡም ዳኒ ውል አንድ ጥብቅ ነገር አለው። የዚህ አገር ክረምት ደረቅ ነው፤ በኦገስት ነፋስ ይነሳና ሣሩ ይነዳል። ስለዚህ እሳት እንዳይሻገር እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ በመሬቱ ዙሪያ አራት እርምጃ ስፋት ያለው መስመር መታጨድ አለበት። በየዓመቱ የሚያጭደው ባለትራክተር በዚያ ዓመት ታመመና ቀረ። ኡም ዳኒም ቁርጡን ነገሩን። "መስመሩ በቀኑ ካላለቀ መሬቴን እወስዳለሁ። የጎረቤቶቼ ቤት እንዲቃጠል አልፈልግም።"

ከእርሻው በር አጠገብ ካለው መጋዘን ውስጥ ግን አንዲት አሮጌ የጓሮ ትራክተር ቆማ ነበር። ሣር ማጨጃዋ ከሆዷ ሥር ተገጥሟል። ሞተሯ ነክሶ መዞር ካቆመ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ስትሄድ ያየ ሰው በመካከላችን የለም። ኡም ዳኒ፣ "ካስነሳችኋት ተጠቀሙባት" ብለው ነበር።

ጄኔሬተሩን ሰጡትና ማናሴ አምስት ሳምንት ሠራ። የጄኔሬተሩ ዘንግ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ ፑሊ፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበትን መዘውር፣ አይዝም። ቶኮዛ ያለ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወስዶ በልኩ ፑሊ አስቀረጸ። የሞተሩ እግሮች ከትራክተሯ ቀዳዳ ጋር አልገጥም ሲሉት ወፍራም ላሜራ በስቶ ከሥር አነጠፈ። ካንዴላውን ጠረገ፣ ፍሪሲዮኑን አስተካከለ፣ ግራሶ ቀባ። እኔ ቡሎን አቀብለዋለሁ። በጁላይ ሃያ ስምንት ጠዋት አለቀ፤ ሰውም ሊያይ መጣ።

ሞተሩ ገመዱን ሁለተኛ ሲስበው ተነሳ። ማናሴ ተቀመጠና አንደኛ ማርሽ አስገባ። ትራክተሯ ወደ ኋላ ሄደች፤ የጎመኑን መደብ ረግጣ ቆመች። ሁለተኛ አስገባ፤ አሁንም ወደ ኋላ፣ ባሰባት እንጂ።

"እኔ የሰጠሁት ደህና ሞተር ነው" አለ ተማም። "ወደ ኋላ ያለው ማናሴ እጅ ከገባ በኋላ ነው።"

የድሮው ሞተር የሚዞረው በአንድ ወገን፣ የጄኔሬተሩ በሌላው ኖሯል። ሞቶ ያገኘው የትራክተሯ ሞተር በየት ይዞር እንደነበር በምን ይወቅ? ማናሴ አልደነገጠም። ወፍጮ ቤት እንዲህ ሲያጋጥም ቺንጋውን አጣምረው እንደ ስምንት ቁጥር ያስሩታል፤ ድንጋዩ ይዞራል። እሱም እንደዚያው አሰረው። ግን የወፍጮ ቺንጋ ዝርግ ነው፤ የትራክተሯ ወፍራምና ማዕዘን ያለው ነው። መገናኛው ላይ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ጎማ ጎማ ሸተተ፣ ጨሰ፣ ተበጠሰ። ሰው አንድ በአንድ ሄደ።

ማናሴ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። "እትዬ" አለኝ፣ "በያ ሱቁን ይክፈቱልኝ በያቸው።"

ከዘረፉት ቀን ጀምሮ እንዲህ ሲል አልሰማሁትም። እኔ ደክሞኝ ነበር። ቀኑ እንዲያልቅልኝ ብቻ ነው የፈለግሁት። "የፊት ማርሹ ወደ ኋላ ከወሰደህ የኋላው ወዴት ሊወስድህ ነው?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ተነስቶ ታክሲ ያዘና ሄዶ አዲስ ቺንጋ ይዞ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት ቺንጋውን ቀጥ አድርጎ አሰረና የኋላ ማርሽ አስገባ። ትራክተሯ ወደ ፊት ሄደች፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ሽማግሌ እርምጃ። ያላት አንድ ፍጥነት ብቻ ነው። ግን ሣሩን ታስተኛለች እንጂ አትቆርጥም። የማጨጃዋ ምላጮችም ተገልብጠው ነው የሚዞሩት፤ የሚመታው ዱልዱሙ ጀርባቸው ነው። ማናሴ ፈታቸው፣ ሞርሳ ላይ አሰራቸው፣ ጀርባቸውን እስከ ቀትር ሲስል ዋለ። ሲገጥማቸው ሣሩ ተቆረጠ። እንደ ምላጭ ጥርት ብሎ አይደለም፣ ግን ተቆረጠ።

ሁለት ቀን እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሣሩን እየጠረግሁ ዞርን። በየሰዓቱ ቆሞ ሞተሩን ያበርዳል፣ ዘይቱን ያያል፣ ቡሎኖቹን ያጠብቃል። በጁላይ ሠላሳ አንድ ከሰዓት በኋላ ኡም ዳኒ ዱላቸውን ይዘው መጡ። መስመሩን በእግራቸው ዞሩት፤ ስፋቱን በየቦታው በእርምጃ ለኩ። ቦዩ አጠገብ ሲደርሱ ሦስት ተኩል ሆነባቸው። በዱላቸው መሬቱን መቱ። ማናሴ ትራክተሯን አዙሮ ያንን ጎን ደገመው። ኡም ዳኒ ማርሹን ልብ ብለው አዩ።

"ይህ ሰውዬ በኋላ ማርሽ ነው እንዴ የሚያጭደው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"መሬቱን ዙሪያውን?"

"ዙሪያውን።"

ማስካቸውን ዝቅ አድርገው እንደገና አዩት። "ማረሻዋ ቤቴ አለ። ለሴፕቴምበር ውሰዱ" አሉና ሄዱ። መሬቱን ስለመውሰድ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ለማረስ አንድ ማርሽ አይበቃም። ማናሴ በኦገስት የኋላውን የማርሽ ቤት ጎማዎቹን ከሚያዞረው አክሰል ጋር ፈትቶ ገልብጦ አሰረው፤ ሲገለበጥ ዘይት የሚያፈሰውን ቀዳዳ ዘጋና ከላይ አዲስ መጨመሪያ በሳ። አሁን ጎማዎቹ በተቃራኒው ስለሚዞሩ ሦስቱም የፊት ማርሾች ወደ ፊት ይወስዳሉ። በሴፕቴምበር ማረሻውን ያስራል፣ በዝናቡ ወራት ማጨጃውን፣ ድንች ሲወጣ አፈር የሚገፋውን ብረት። የማያስፈልገውን ዘይት ቀብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል።

እኔ ስለ ወንድሜ ብዙ አፍሬ አውቃለሁ። አሁን እሁድ እሁድ ከጸሎት በኋላ አንዱ ወንድም ፓምፕ፣ ሌላው ጄኔሬተር ይዞ ግቢያችን በር ላይ ይቆማል። "ማናሴ አለ?" ይሉኛል። አለ እላለሁ፤ ወንበር አወጣላቸዋለሁ።