መምህር ሐብታሙና እምቢ ያለው ፎልደር

ደባርቅ ውስጥ ሊኑክስ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ነገር ከልቡ የሚወድ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው አንድ ነው፤ የኮምፒውተር መምህሩ ሐብታሙ። ሌላው ሰው ቢበዛ ይታገሠዋል። ሐብታሙ ስለ ሊኑክስ ማውራት ከጀመረ ወጥ ይቀዘቅዛል፤ ሚስቱ ሊያ እንግዳ በመጣ ቁጥር "እባክህ ዛሬ እንኳ ስለ ሰው እናውራ" ትለዋለች።

አምና ከእጅ እጅ ሲዞር የነበረ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ መጥቶ የትምህርት ቤቱን ፈተና ሙልጭ አድርጎ ሲበላው፣ ለሐብታሙ ቀን ወጣለት። በኮምፒውተሮቹ ሁሉ ላይ ሊኑክስ ጫነ፣ በገመድ አገናኛቸው፣ ፈተናውንም በእሱ ክፍል ባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ በጋራ ፎልደር አስቀመጠ። ሌባ እንዳይገባ ጥብቅ ዘበኛ ፕሮግራም አቆመበት። ኮምፒውተሩንም ራሱን እንዳይወስዱት ከጠረጴዛው ጋር በብረት አስበየደው። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎት የፍላሽ መሰኪያዎቹን በሙሉ በማስቲሽ ደፈናቸው። ፍላሹን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው የፊዚክስ መምህሩ ሙሌ "ወንድሜ፣ ቤት ሲዘጋ መውጫ ይተዋል" ብሎት ነበር። ማን ሰምቶት።

የሞዴል ፈተናው ቀን ደረሰ። ተማሪዎቹ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ዘግተው ክፍል ገብተዋል፤ ወረቀቱ ግን አልታተመም። የማተሚያ ክፍሉ ኮምፒውተር የጋራውን ፎልደር አልከፍትም ብሏል። ሐብታሙ እዚያው ሲታገል ርእሰ መምህሩ አቶ ኪዳነ ማርያም በሩ ላይ ቆሙ። "መምህር ሐብታሙ፣ ልጆቹ ብርድ ላይ ናቸው። ይህ ነገር አሁን ካልተከፈተ ከነገ ጀምሮ ወደ ዊንዶውሳችንና ወደ ፍላሻችን እንመለሳለን" አሉት። የተናገሩት ቀስ ብለው ነው፤ ይበልጥ ያስፈራውም እሱ ነው።

ሐብታሙ ገመዱን ነቅሎ ሰካ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ። ዋናውን ኮምፒውተር በኔትወርክ ሲጠራው አቤት ይላል፤ በር ክፈት ሲለው ግን "ፈቃድ የለህም" ይለዋል። በገዛ እጁ የቀጠረው ዘበኛ አላውቅህም አለው። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው። ሙሌ ብቅ ብሎ አንዴ የተደፈነውን መሰኪያ፣ አንዴ ፍላሹን አየና ፍላሹን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ወጣ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ማተሚያ ክፍሉን ከድሮ ጀምሮ የሚመሩት ወይዘሮ ደብሪቱ አዘኑለት። "ልጄ፣ ተረጋጋ እስቲ። ገና ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው" አሉት፣ ወደ ኮምፒውተሩ በአገጫቸው እያመለከቱ።

ሐብታሙ ኮምፒውተሩን አየ፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ልክ ነው። ግን ያ ኮምፒውተር ልክ መሆን አልነበረበትማ። በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ማለት ነበረበት። ዘበኛው ፕሮግራም ደግሞ ሰዓቱ ከዋናው ኮምፒውተር ጋር ላልገጠመ ማሽን በር አይከፍትም፤ እንደ አጭበርባሪ ነው የሚቆጥረው።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ሰዓቱን ማን ነካው?"

"እኔ ነኛ" አሉ፤ ምስጋና የሚጠብቁ ይመስላሉ። "ትናንት ላጠፋው ስል ባየው፣ ሰዓቱም ተሳስቶ፣ ወሩም ተሳስቶ፣ ዓመተ ምሕረቱማ ስምንት ዓመት ቀድሞን ሄዶ። ለፈተና ቀን እንዲህ ሆኖ አይደር ብየ አስተካከልሁት። የይለፍ ቃሉን አንተው ነህ የሰጠኸኝ።"

ሐብታሙ ወደ ነበረበት ሊመልሰው እጁን ሲዘረጋ ያዙት። "ልክ የሆነውን ልታበላሸው?"

"ከዋናው ኮምፒውተር ጋር አልተስማማም እኮ፣ እትዬ።"

"እንግዲያ የተሳሳተው እሱ ነዋ። ሂድና እሱን አቃናው።"

ሐብታሙ ስለ ዓለም አቀፍ አቆጣጠር ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። አቶ ኪዳነ ማርያም ግን የታሪክ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። "እውነታቸውን ነው። በገዛ አገራችን ስለ ምን በሰው ዘመን እንፈተናለን? ሂድ፣ ልጆቹ እየጠበቁ ነው።"

ሄደ። ምን ያድርግ። ዋናውን ኮምፒውተር በገዛ እጁ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለሰው፤ ልቡ እያዘነ ቀሪዎቹንም አስከተለ። ማሽኖቹ የማን ዘመን ልክ እንደሆነ ግድ የላቸውም፤ እርስ በርስ ይስማሙ እንጂ። ተስማሙ። ፎልደሩ ተከፈተ፣ ማተሚያው ማጉረምረም ጀመረ፣ ልጆቹም ተፈተኑ። ኢንተርኔቱ በዚህ ቀን አላውቃችሁም ብሎ ዘጋቸው፤ ድሮም መጣ ሄድ የሚል ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። ኮምፒውተር የሚያውቀው ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነውና ጳጉሜን ስትመጣ የሚሆነው ለእግዚአብሔር ተተወ።

በሳምንቱ በመምህራን ስብሰባ አቶ ኪዳነ ማርያም ሐብታሙን አስነሡና "በራሳችን ዘመን የሚሠራ ኔትወርክ የዘረጋልን ባለሙያ" ብለው አመሰገኑት። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሙሌም ሳይቀር አጨበጨበ። ሐብታሙ ይህን ጭብጨባ ስንት ዘመን ሲመኘው ኖሮ፣ ሲመጣለት ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ርእሰ መምህሩ ግን ገና አልጨረሱም። ዳባት ያለ አንድ ትምህርት ቤት ወሬውን ሰምቶ ለእኛም እንዲሁ ይሥራልን ብሏል፤ ስለዚህ ሐብታሙ ሰኞ ይሄዳል። ሰዓቱን እንዳያሳስትባቸው ወይዘሮ ደብሪቱ አብረውት ይሄዳሉ።