ስድስት የደከሙ ድንጋዮች

ወንድይፍራው ሀብተማርያም ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አንድም ካሴት ላይ ተጫውቶ አያውቅም ነበር። ኮልፌ ውስጥ በቀበሌው የኪነት ቡድን ጊታር ይጫወታል፤ የአብዮት በዓል ሲደርስ ካኪውን ለብሶ መድረክ ላይ ይቆማል፤ በጥርና በሚያዝያ ደግሞ ሠርግ ይሠራል። ያስተማረው ቱሉ የሚባል የቀድሞ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኛ ነው። ቱሉ ጣቱ የተሳሳተበትን ተማሪ በማበጠሪያ ጀርባ ይመታ ነበር። ወንድይፍራው ከእሱ ያተረፍኩት ሁለት ነገር ነው ይላል፤ የጠራ ድምፅ ማውጣትና የጠራ ድምፅ መጥላት።

የሚወደው ሌላ ድምፅ ነበር። ልጅ ሳለ፣ ከለውጡ በፊት፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ የነበረ አንድ ቡና ቤት በሸክላ የፈረንጅ ጊታር ያሰማ ነበር፤ የሚሻክር፣ የሚጎተት፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ሲቃዥ የሚሰማው ዓይነት። ያ ድምፅ ከጣት ብቻ እንደማይወጣ የገባው በኋላ ነው። በጊታሩና በማጉያው መካከል የምትገባ፣ በእግር የምትረገጥ ትንሽ ሣጥን ያስፈልጋል። ሙዚቀኞች ፈዝ ይሏታል። ሥራዋ የጠራውን ድምፅ ማሻከር ነው። ቱሉ ግን «ጉንፋን» ብሎ ነበር የሚጠራት።

በ1978 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ገብረወልድ የሚባል የሙዚቃ ቤት ባለቤት ቤቴል ሠርግ ላይ ሲጫወት ሰማው። ገብረወልድ የአንዲት ዘፋኝ ካሴት እያሰናዳ ነበር፤ የሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ተርፎታል። ዘፈን የሌለው፣ ጊታር ብቻ የሆነ ነገር ቢገባበት ይመቸው ነበር። ምክንያቱንም አልደበቀውም።

«ግጥም ከሌለው ሳንሱር ምን ያያል?» አለው። «እንደፈለግህ አልቅስበት።»

ቀረጻው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከተማ መሐል አዳራሽ ይከራያሉ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይጫወታል፤ አንዱ ከተሳሳተ ከመጀመሪያው ይነሣል። ወንድይፍራው እስከዚያው ሣጥን ሲመርጥ ከረመ። እጁ ሊገቡ የሚችሉት ሦስት ነበሩ።

አንደኛዋ ገብረወልድ የሚያውሰው የጃፓን ሥራ ናት፤ ሰማያዊ፣ አዲስ፣ እንደ ንብ ቀፎ እኩል የምትጮህ። ከተማው ውስጥ የሚዞረው ካሴት ሁሉ የእሷን ድምፅ ይዟል፤ ሲሰሟት ማን እየተጫወተ እንደሆነ አይታወቅም። ሁለተኛዋ የቱሉ የጣሊያን ሣጥን ነበረች፤ እንደ ካውያ የከበደች። ስትረገጥ አዳራሽ ትሞላለች፤ ግን ከበሮውንም ቤዙንም ትውጣለች። ሦስተኛዋን የሠራት ቡልቻ ነው። ቡልቻ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ በቆርቆሮ ሱቅ ራዲዮ ይጠግናል። ከሞቱ ራዲዮዎች ያወጣቸውን ዕቃዎች በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ በየዳቸውና ጎኗ ላይ ስድስት የራዲዮ ድንጋይ የሚይዝ የእንጨት ማቀፊያ አበጀላት።

በአዲስ ድንጋይ ሲሞክራት ከጃፓኗ የምትሻልበት ነገር አልነበራትም። ሊመልሳት አስቦ ሳለ አንድ ቀን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ልምምድ ላይ ድንጋዮቹ መድከም ጀመሩ። ያን ጊዜ ድምፅዋ ተለወጠ። ክሩ ሲመታ ወፍሮ ይነሣል፤ መሐል ላይ ይሰነጠቃል፤ መጨረሻው ላይ ለቅሶውን አፍኖ እንደያዘ ሰው እንቅ ብሎ ይቀራል። የኪነቱ ልጆች እየተጫወቱ ዞር ብለው አዩት። ሁለት ዘፈን ያህል ቆየና ድንጋዮቹ ፈጽመው ሞቱ።

ከዚያ ወዲያ የሌሎቹን ሣጥኖች ስም አላነሣም። ለቡልቻ ሄዶ ሲነግረው ቡልቻ ሳቀ።

«ሰው ራዲዮው እንዲህ ሲያቃስትበት ነው ወደኔ የሚያመጣው» አለ። «አንተ ግን ጤነኛዋን አምጥተህ አሳምምልኝ ትላለህ።»

ችግሩ ድንጋዩ ነበር። አዲስ ድንጋይ ቀበሌው ሱቅ የሚገባው በስንት ጊዜ አንዴ ነው፤ ቢገባም ለዚህ አይሆንም። የሞተ ድንጋይ በየቤቱ ሞልቷል፤ ሰው ጣሪያ ላይ ፀሐይ እያስመታ ነፍስ ሊዘራበት ይሞክራል። ግን ፀሐይ የመታው ድንጋይ የአንድ ዘፈን እንኳ ዕድሜ የለውም፤ ከየጎረቤቱ የተለቀመ ድንጋይም እኩል አይደክምም። የሚያስፈልገው አንድ ላይ የገባ፣ በትንሽ በትንሹ የተሠራበት፣ አንድ ላይ የደከመ ስድስት ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለው የት እንዳለ ያውቃል። የእናቱ ራዲዮ ውስጥ ነው።

እናቱ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ራዲዮአቸውን የሚከፍቱት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻ ነበር፤ ለግማሽ ሰዓት፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው። የሚሰሙት ከሰሜን ጫካ በአማርኛ የሚተላለፈውን ጣቢያ ነው። ያን ሲሰማ የተገኘ ይታሰራል። ሆኖም ጣቢያው አንዳንድ ቀን የተማረኩ ወታደሮችን እያቀረበ ስማቸውን ያስነግራቸዋል፤ አንዳንዱም ለቤተሰቡ ደኅና ነኝ ይላል። ከሁለት ዓመት በፊት ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ የቀበሌው ሊቀመንበር ኪነቱ ያለ ጊታር አይቀርም ብሎ ወንድይፍራውን አስቀረው፤ ታናሹ ተክለማርያም ሄደ። የተክለማርያም ደብዳቤ ከተቋረጠ ዓመት አልፎታል። መርዶም አልመጣም። ወይዘሮ ወለተጻድቅ የልጃቸውን ነገር ሊሰሙ የሚችሉበት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

ወንድይፍራው ይህን ሁሉ ያውቃል። ቢጠይቃቸው እንደማይሰጡት ስለሚያውቅም አልጠየቀም። አንድ እሑድ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ድንጋዮቹን አውጥቶ አዳራሽ ወሰዳቸው፤ ሞክሮ መለሳቸው። የፈለገው ድምፅ ነበር። ማታ ራዲዮው እንደ ወትሮው ሠራ፤ ማንም አላወቀም።

የቀረጻው ቀን ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ዋለ። ገብረወልድ ጠዋት ከሁሉ በፊት አንተን እንቀርጻለን ብሎት ስለነበር ወንድይፍራው ለምሳ ቤቱ እደርሳለሁ ብሎ አስቧል። እናቱ ቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ሳሉ ስድስቱን ድንጋይ አወጣ። በምትካቸው ስድስት የሞቱ ድንጋዮች ከተተ፤ ራዲዮውን ቢያነሡት ቀልሎ እንዳያገኙት።

አዳራሹ ሲደርስ መብራት የለም። እስከ ቀትር ተቀምጠው ጠበቁ። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ዘፋኟ ጉሮሮዬ ሳይደርቅ ልጨርስ አለችና እሷ ቀደመች። የወንድይፍራው ተራ የደረሰው አሥር ሰዓት ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ተጫወተ። ሲጨርስ ቴፑን የያዘው ገረሱ ወደኋላ አጠንጥኖ አሰማቸው። ከበሮ መቺው ሲጋራውን ሳይለኩስ አፉ ላይ እንደያዘ አዳመጠ። ገብረወልድ እጁን አጨበጨበና ዕቃ አንሡ አለ።

ወንድይፍራው ግን አልተነሣም። ድምፁ ከመጨረሻዋ ምት በቀር እንደፈለገው ነበር። እሷ ተሰንጥቃ መታነቅ ሲገባት ዝም ብላ ቆመች። ድንጋዮቹ ገና ጥቂት ጉልበት ነበራቸው፤ አንድ ጊዜ ቢደገም ይበልጥ እንደሚደክሙ ያውቃል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። አሁን ወጥቶ አውቶቡስ ቢይዝ ከአሥራ ሁለት በፊት ኮልፌ ይገባል።

«እንደገና» አለ።

«ምን ጎደለው?» አለ ገብረወልድ።

«መጨረሻው ገና ነው።»

«መጨረሻውን ማን ይሰማዋል፣ ወንዴ? እዚያ ሳይደርስ ነው ሰው ካሴቱን የሚያወጣው።»

«እንደገና ጋሽ ገብረወልድ። አንዴ ብቻ።»

ደገሙት፤ ቤዝ ተጫዋቹ መሐል ላይ ተሳሳተ። ሦስተኛ ተነሡ። ካሴቱ ላይ ያለው ሦስተኛው ነው።

ኮልፌ የወረደው ሲመሽ ነው። ቤት ሲገባ እናቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ራዲዮው ጀርባው ተከፍቶ አጠገባቸው ተጋድሟል። ስድስቱን የሞቱ ድንጋዮች እንዲሞቁ ብለው ከሰል ምድጃው ዳር ደርድረዋቸዋል። ከፊታቸው ሰርኬ ቆማለች። ሰርኬ ከጀርባ ያለችው ጎረቤት ናት፤ ባሏ ግንባር ነው፤ እሷም ያንኑ ጣቢያ በድብቅ ትሰማለች።

ሰርኬ ወንድይፍራውን ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። ተክለማርያም የሚል ስም ሰምታለች። ከአዲስ አበባ ብሏል። የአባቱን ስም ሲናገር ጫጫታ ገባበት፤ መንግሥት ጣቢያውን የሚያፍንበት ያ ጩኸት። ከዚያ እናቴ አታስቢ፣ ደኅና ነኝ አለ። ወዲያው ሌላ ሰው ቀረበ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ያን ጊዜ ድንጋዮቹን ሲያሹና ሲያሞቁ ነበሩ፤ ወደ ሰርኬ ቤት ሲሮጡ ሙዚቃ ገብቷል።

«ድምፁስ?» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ።

«ድምፁ የራዲዮ ድምፅ ነው እትዬ። ሁሉም አንድ ነው።»

«አንድ አይደለም» አሉ። «እኔ ብሰማው ሲያስለው እንኳ አውቀው ነበር።»

ወንድይፍራው ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ስድስቱ ድንጋዮች በሁለቱም የኮቱ ኪሶች ውስጥ ነበሩ። ሰርኬን ጠየቃት፤ ወፍራም ነው ቀጭን፣ ሲናገር ይቸኩላል ወይስ ይጎትታል፣ «እናቴ» ሲል ቃሉን እንዴት አድርጎ ያዘው። ሰርኬ ግራ ገባት። «ወንድይፍራው፣ ሰው ነው የተናገረው፤ ዜማ መሰለህ?» አለችው።

እናቱ አላዩትም። «ድንጋዩ ዛሬ አለቀ» ብቻ አሉ፤ ለሰርኬ ይሁን ለእሱ አልለየም።

በማግሥቱ ጠዋት ቤቱ ባዶ ሲሆን ድንጋዮቹን መለሳቸው። ማታ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ምናልባት ብለው ቁልፉን ሲያዞሩ ራዲዮው እየቃተተ ተናገረ። ወዲያው ዘጉት። ጀርባውን ከፍተው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያወጡ በመብራት አዩዋቸው። ትናንት በጨለማና በችኮላ ያሞቋቸው ዝገት የበላቸው ነበሩ። እነዚህ የራሳቸው ናቸው። መልሰው ከተቷቸው። ወንድይፍራው በሩ አጠገብ ቆሟል። የት ወሰድካቸው ብለው አልጠየቁትም።

«እራትህ ቀርቧል፤ ብላ» አሉት።

ካሴቱ ክረምት ሳይገባ ወጣ። ገብረወልድ እንዳለው አልሆነም፤ ሰው መጨረሻውን ሰማው። አየር ጤና ላይ ሾፌሮች ዘፋኟን አልፈው እሱን ብቻ ይከፍቱ ጀመር። ሠርግ ላይ ሙሽሮች እንኳ ያቺን የምታለቅሰውን ተጫወትልን ይሉታል። ከሌላ ሰፈር የመጡ ጊታር ተጫዋቾች ቡልቻ ሱቅ ድረስ ሄደው እንደ ወንድይፍራው ያለ ሣጥን ሥራልን አሉት። ቡልቻ አራት ሠራ፤ ሁሉም ወስደው ሞክረው ተመልሰው ሰደቡት። ወንድይፍራው ምስጢሩን ለማንም አልነገረም። ንፉግ ነው አሉት።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ማታ ማታ ማዳመጣቸውን አልተዉም። ያ ስም ተመልሶ አልመጣም። በዓመቱ ለሰርኬ የባሏ መርዶ መጣ፤ ሰርኬም ለቅሶዋን ተቀምጣ፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ ራዲዮዋን ሸጠች። ወይዘሮ ወለተጻድቅ እንደ እሷ እንዳይሆኑ፣ ደኅና ነኝ ያለ ተክለማርያም አለ። ተስፋ እንዳያደርጉ ደግሞ በአዲስ አበባ ተክለማርያም ብዙ ነው። ጥቁር አልለበሱም፤ ነጭም አላማራቸውም።

ልጃቸውን አላስከፉትም። ልብሱን ያጥቡለታል፤ ሲያመሽ በር ይከፍቱለታል፤ ጊታሩ እንዳይረጥብ ዝናብ ሲመጣ ከግድግዳው ያርቁለታል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ከቤት ሲወጡ ራዲዮውን ይዘውት መውጣት ጀመሩ። ገበያ ሲሄዱ ዘንቢል ውስጥ ይከቱታል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነጠላቸው ሥር ያቅፉታል። ራዲዮው ከባድ ነው፤ እሳቸውም አቅማቸው እየደከመ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. መንደሩ ውስጥ ለቅሶ ነበር። የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ወንድይፍራው ከሌሎች ጋር አግዳሚ ወንበር ያመላልሳል። እናቱ ራዲዮውን ታቅፈው ገቡ። የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ ገበያነሽ ተነሥተው ቦታ ለቀቁላቸውና እንደ ማዘንም እንደ መቀለድም አሉ።

«ምነው እትዬ ወለተጻድቅ፣ በዚህ ዕድሜዎ ይህን ሁሉ ይሸከማሉ? ቤት ሰው የለም እንዴ?»

«አለ» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ። «ሰው ስላለ ነው።»

ወይዘሮ ገበያነሽ ነገሩ አልገባቸውም፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሳቁ። ወንድይፍራው የያዘውን ወንበር አስቀምጦ ሌላ ሊያመጣ ወጣ።