ጩኸቱ የጨመረ፣ ጉልበቱ የቀነሰ ፒካፕ

ካታላይዘሩ የተነቀለለት መኪና ጉልበት አይጨምርም። ይጮኻል እንጂ አይፈጥንም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባሉት ጋራዦች የሚነገረው ግን ሌላ ነው፤ ሞተሩ ታፍኗል፣ ቆርጠህ ጣልለትና ይተንፍስ ይሉሃል። ሞተርን እንደ አስም በሽተኛ የሚያየው ሰው ብዛት ይገርመኛል። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ብዙ የማይረባ ነገር አስተምረውኛል፤ ሁሉም ሰው አንድ ነገር በአንድ ቃል ሲናገር መጠራጠርን የተማርኩት ግን ከእነሱ ነው።

የሚስቴ ታናሽ ወንድም የቤንዚን ፒካፕ አለው። በቡና ወቅት በቴፒ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች እሸት ቡና እየሰበሰበ ከዳገቱ በላይ ወዳለው መፈልፈያ ጣቢያ ያደርሳል። እሸት ቡና አይጠብቅም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጠረኑ ይለወጣል። የዚህ ሰው እንጀራ በሙሉ ዳገቱን ሳይመሽ በመውጣት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ይህንን እያወቀ ነው ካታላይዘሩን ያስቆረጠው። ካታላይዘር ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ የሚጣራበት፣ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ዕቃ ነው። በቦታው ባዶ ቱቦ በየዱለት። መኪናው ከዚያ ወዲያ ከማዶ መንደር የሚሰማ ሆነ፤ ባለቤቱም ወደደው። ምክንያት ነበረው። ገበሬዎቹ ድምፁን ከሩቅ ሲሰሙ ጆንያቸውን ተሸክመው መንገድ ዳር ይጠብቁታል። ሌሎቹ ሰብሳቢዎች ደጅ ለደጅ ሲጣሩ የእሱ ጭነት ቶሎ ይሞላል።

የሞላውን ጭነት ዳገት ማውጣት ግን አቃተው። አንድ ቀን አብሬው ስሄድ ፒካፑ ዳገቱ ወገብ ላይ አካባቢውን በጩኸት አናውጦ ቆመ። ነዳጁን በረገጠው ቁጥር ጩኸቱ ይጨምራል፤ ጎማው ግን አይነቃነቅም። ማገዶ ተሸክመው የሚወጡ አንድ አዛውንት አጠገባችን ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ልግፋልህ ወይስ ላልቅስልህ?»

ጭነቱን ግማሹን አራግፈን ወጣን፤ የቀረውን ልናመጣ ተመለስን። ጣቢያው ስንደርስ ጀምበር ጠልቃለች። ቡናውን የምትረከበው ሴት እጇን አንዱ ጆንያ ውስጥ እስከ ክንዷ ከተተች፤ ካወጣች በኋላ አሸተተችው።

«ወንድሜ፣ ይኼ ሞቋል። ለዛሬ መርጬ እቀበልሃለሁ። ነገም እንዲህ አድርገህ ካመጣህ ያንተን መንገድ ለሌላ ሰብሳቢ እሰጣለሁ።»

 ስንመለስ፣ «ጋሼ፣ የኋላውን ድምፅ ማፈኛ ማርሚታም ላስወጣው መሰለኝ» አለኝ።

«ሞተሩን ለምን አታስወጣውም? ሙሉ በሙሉ ይተነፍሳል።»

«አንተ ስለ መኪና ምን ታውቃለህ? መንጃ ፈቃድ እንኳ የለህ።»

«የለኝም። ዓይን ግን አለኝ። ዳሽቦርዱ ላይ የለጠፍከው ጥቁር ፕላስተር ምንድነው?»

«እሱማ ቢጫ መብራት ነው። ካስቆረጥኩ ጀምሮ አልጠፋ ብሎ ያናድደኛል።»

ፕላስተሩን ላጥኩት። መብራቱ ከሥሩ በርቶ ቁጭ ብሏል፤ ሰሚ አጥቶ ሲናገር የከረመ መብራት። የጭስ ቱቦው ላይ ጭሱን እያነበቡ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚናገሩ ሴንሰሮች አሉ። አንዱ ከካታላይዘሩ ጋር ቦታውን አጥቶ ተንጠልጥሏል። ሌላው ደግሞ በተሰነጠቀው ብየዳ የሚገባውን የውጭ አየር እያነበበ ቤንዚን አነሰ ይላል። ኮምፒውተሩ የሰማውን አምኖ ቤንዚን ይጨምራል፤ ነገሩ ሲምታታበት ደግሞ ሞተሩ እንዳይጎዳ ጉልበቱን ይቀንሳል። የእኛ ሰው መድኃኒቱ ሌላ ቱቦ መቁረጥ ነው።

የሴትዮዋ ማስጠንቀቂያ አሸንፎት በማግስቱ ማለዳ ወዳስቆረጠበት ጋራዥ ሄድን። ካታላይዘሩ አጥሩ ሥር ተጥሎ አገኘነው።

መካኒኩ፣ «ሰው ሁሉ እያስነቀለ አንተ ታስገጥማለህ? ጉልበቱ ሲሞት እንዳትመጣብኝ» አለ።

«ሞቶ ነው ያመጣነው» አልኩት።

አላሳቀውም፤ ሥራውን ግን ሠራ። ካታላይዘሩ ተመለሰ፣ ስንጥቁ በደንብ ተበየደ፣ ሴንሰሮቹ ቦታቸውን ያዙ፣ መብራቱ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ለመሰብሰብ ስንወጣ አዲስ ጣጣ ገጠመን። መንገድ ዳር አንድም ሰው የለም። ያንን ሁካታ የለመደ ገበሬ አሁን እኛን እንዴት ይስማን? አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው አልፈናቸው ልንሄድ ስንል አዩን።

«መኪናህ ታመመች እንዴ? ድምጿ የት ሄደ?»

«ድናለች፣ እማማ» አለ፣ ፊቱን አኮሳትሮ።

ከዚያ በኋላ የመኪናውን ጥሩምባ የምነፋው እኔ ሆንኩ። ልክ ደጅ ለደጅ እንደሚጣሩት እንደ ሌሎቹ ሰብሳቢዎች። ሥራው እንዲህ ደስ የሚል መሆኑን ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ፒካፑ እስከ አፉ ሞላ።

ዳገቱ ጋ ስንደርስ መሪውን ጨብጦ ነዳጁን ረገጠ። ፒካፑ ያለ አንዳች ጩኸት ወጣ። ትናንት የቆምንበትን አለፈው፤ ኩርባው ላይ የሚያቃስተውን ትልቅ የጭነት መኪና ደርበነው ሄድን። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ለሾፌሩ እጄን አወዛወዝኩለት፤ በዚህ ዕድሜዬ አያምርብኝም፣ ይሁን።

ጣቢያው ስንገባ ፀሐይ ገና ዛፎቹ ላይ ነበረች። ሴትዮዋ እጇን ጆንያው ውስጥ ከተተች፣ አሸተተች፣ ሌላም ጆንያ አስከፈተች።

«ቀዝቃዛ ነው። አራግፍ» አለችው። ሊሄድ ሲል ደግሞ፣ «መንገዱ ያንተው ነው፤ ነገም እጠብቅሃለሁ።»

«ጋሼ፣ አጋጣሚ ነው እኮ» አለኝ ባዶውን መኪና እየነዳ። ፊቱ ግን ከጆሮ እስከ ጆሮ ፈገግታ ነበር። አልተከራከርኩትም፤ ላሸነፈ ሰው ዝምታ ከንግግር ይጣፍጣል።

መንገዱ ላይ ግን ዛሬም መኪናቸው እየጮኸ የሚቆምባቸው አሉ፤ ምናልባት አንዱ አንተ ነህ። ከሆንክ ነገ ጠዋት ጋራዥ ሄደህ ያስነቀልከውን አስመልስ።